ሰንጠረዦቹን በወር ያገናኙት የወይዘሮ ሊዲያ ቼፕንጌኖ የሕይወት ታሪክ

ወይዘሮ ሊዲያ ቼፕንጌኖ ከአባታቸው ከአቶ ኪፕሶይ አራፕ ማሪች እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ታፕራንዲች፣ በኬንያ፣ በኬሪቾ ምድር፣ በካፕቼሊል ሸለቆ እ.ኤ.አ. በማርች 1961 ተወለዱ። የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርታቸውን በመንደራቸው፣ ሁለተኛ ደረጃን በኬሪቾ ከተማ ተምረው በ1980 አጠናቀቁ።

በ1982 በካፕቼሊል የሻይ ቅጠል መረከቢያ ጣቢያ ሚዛን መዝጋቢ ሆነው ተቀጠሩ። ሚዛኑ እንዲከብድለት ቅርጫቱን በእጁ የሚጫን ገበሬ ሲያዩ «እጅዎንም ልጻፈው እንዴ?» እያሉ ሰልፈኛውን ያስቁ ነበር።

በ1985 ከመምህር ዊልሰን ቱዌይ ጋር ትዳር መሥርተው ሁለት ሴቶችና አንድ ወንድ ልጅ አፍርተዋል። በ1997 ወደ ፋብሪካው ቢሮ ተዛውረው በሠላሳ ስድስት ዓመታቸው ኮምፒውተር ተማሩ።

በ2009 የወጣው የፋብሪካው ዓመታዊ ሪፖርት፣ ከጣቢያዎች ሁሉ ብዙ የተበላሸ ቅጠል የሚመጣው ከካፕቼሊል መሆኑን በግራፍ፣ በአንድ ረጅም አምድ አሳየ። ቦርዱም ጣቢያውን ለመዝጋት ተነሣ። ይህ ቢሆን ኖሮ ሦስት መቶ አርባ ቤተሰብ ቅጠሉን ተሸክሞ ዘጠኝ ኪሎ ሜትር ዳገት ሊወጣ ነበር። ወይዘሮ ሊዲያ ለሥራ አስኪያጁ ለአቶ ላንጋት አቤት ሲሉ፣ «ግራፉ አይዋሽም፤ ለመንደርሽ አታዳዪ» አሏቸው። እሳቸውም «አይዋሽም፤ ግን ዓመቱን ሙሉ አንድ ላይ ከምረው ሲጠይቁት ምን ብሎ ይመልስልዎት?» ብለው የአንድ ሳምንት ጊዜ ጠየቁ።

የተመዘነው ቅጠል፣ የተበላሸው ቅጠልና ቅጠሉን ከጣቢያው ወደ ፋብሪካ የሚያመላልሰው መኪና የደረሰበት ሰዓት በሦስት የተለያዩ ሰንጠረዦች ተይዘው ነበር። አንዱ ወሩን በቁጥር፣ ሌላው በስም፣ ሦስተኛው በአጭሩ ይጽፈዋል። ሁሉንም አንድ አጻጻፍ አስይዘው በአንድ የወሮች ዝርዝር አገናኟቸው። ከዚያ በኋላ አንድ ወር ሲመረጥ ሦስቱም ግራፎች የዚያን ወር ብቻ አሳዩ።

ውጤቱን ግን በደስታ አላዩትም። ቅጠሉ የሚበላሸው በኤፕሪልና በሜይ፣ መኪናው በሚዘገይባቸው ቀናት ነበር፤ የመኪናው ሾፌር ደግሞ ታናሽ ወንድማቸው አቶ ኤሊጃ፣ የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ አባት ነበሩ። «እትዬ፣ ከእንጀራዬ ልታነሽኝ ነው?» አሏቸው። «ያየሁትን አልደብቅም፤ ለምን እንደዘገየህ ሳላሳይም ስብሰባ አልገባም» አሉ። ባለቤታቸው በትምህርት ቤቱ ግቢ በየጠዋቱ እየለኩ የያዙትን የዝናብ መዝገብ ወስደው አራተኛ ሰንጠረዥ አድርገው ጨመሩ።

በስብሰባው ዕለት ማውዙን ለሥራ አስኪያጁ አቀብለው «ወሩን እርስዎ ይምረጡ» አሏቸው። አቶ ላንጋት ጃንዋሪን መረጡ፤ የተበላሸው ቅጠል ከምንም የሚቆጠር አልነበረም። ጁላይን መረጡ፤ ያው ነው። ኤፕሪልን ሲመርጡ ዝናቡ፣ የመኪናው መዘግየትና የተበላሸው ቅጠል አብረው ሽቅብ ወጡ። ከኋላ የተቀመጡ አንድ አዛውንት ገበሬ «ጭቃው ነው ስንል ማን ሰማን!» ቢሉ አዳራሹ በሳቅ ሞላ፤ አቶ ላንጋትም ሳቃቸውን መያዝ አልቻሉም።

በዚያው ዓመት መንገዱ ጠጠር ለበሰ፤ ጣቢያውም አልተዘጋም። አቶ ኤሊጃ እስከ ጡረታቸው መሪያቸውን አልለቀቁም።

ወይዘሮ ሊዲያ ከዚያ በኋላ የሌሎች ጣቢያዎችን መዝጋቢዎች አስተምረዋል። ሙርሲክ የተባለውን የቤታቸውን እርጎ በቅል ይዘው ይመጡና «ወሩን ሳያስተካክል ሰንጠረዥ ያገናኘ አይጠጣም!» ይሉ ነበር። በ2021 በጡረታ ተገለሉ።

በ2022 ኩላሊታቸው ታመመ። በሳምንት ሁለት ቀን ሆስፒታል እየተመላለሱ ሲታከሙም ነርሶቹን «ዛሬ ማን ዘገየ?» እያሉ ይቆጣጠሩ ነበር። በኦገስት 14 ቀን 2024፣ በስድሳ ሦስት ዓመታቸው፣ ልጆቻቸው በተሰበሰቡበት ከዚህ ዓለም ተለዩ።

ባለቤታቸው መምህር ዊልሰን፣ ልጆቻቸው ሜርሲ፣ ናንሲና ኪፕላጋት፣ አምስት የልጅ ልጆቻቸውና ወንድማቸው በሐዘን ቆመዋል። ዛሬ በሸለቆው ቅጠል የሚቀጥፍ የለም፤ ሁሉም እዚህ ነው።

አምላክ የወይዘሮ ሊዲያን ነፍስ ከደጋጎቹ ጋር ያሳርፍ፤ ለቀረነውም የእሳቸውን ልበ ሙሉነት ያድለን።