ወገቤን ያልኩት ለወገቤ ነው

ይድረስ ለእማዬ፤

እንደምን ከርመሻል? ጉልበትሽ እንዴት ነው? ደረጃ ስትወጪ አሁንም ይንቋቋል? ዓይንሽስ? እንቅልፍሽስ ተመለሰ? ምግብ መቅመስ ጀመርሽ ወይስ አሁንም ሳህኑን ገፋ አድርገሽ «ቆይ እበላለሁ» እያልሽ ነው? እህቴ እንደነገረችኝ ከሆነ ሦስት ሳምንት ሙሉ የምትበዪው እንደ ወፍ እየለቀምሽ ነው። ይህን ስሰማ እኔም ጉርሻዬን ሳህኑ ላይ መለስኩ።

እዚህ ላይ «እኛ ከናፍቆትሽ በቀር ደህና ነን» ተብሎ ነበር የሚጻፈው። አባዬ ለወንድሞቹ ደብዳቤ ሲያጽፈኝ ይህቺ ዓረፍተ ነገር ሳትገባ ወደ ሌላ ጉዳይ አያሳልፈኝም ነበር። ዛሬ ግን ከናፍቆትሽ በቀር ሌላም አለ፤ ወገቤ አለ። ስለዚህ በትክክል ሲጻፍ፣ ከናፍቆትሽና ከወገቤ በቀር ደህና ነን። አራታችንም በሕይወት አለን። ማንም አልሞተም። መነጽርሽን አድርጊና ይህን ደብዳቤ ራስሽ አንብቢው፤ እህቴ ካነበበችልሽ ዘላ አለፈች ብለሽ ትጠረጥሪያለሽ።

ፊደሌ ተንጋዶ ብታዪው ደግሞ «እያለቀሰች ነው የጻፈችው» እንዳትዪ። መቀመጥ ስለሚያመኝ የልብስ መተኮሻውን ጠረጴዛ እስከ ደረቴ ከፍ አድርጌ ቆሜ ነው የምጽፍልሽ። ጠረጴዛው አንድ እግሩ አጭር ነው፤ በጫርኩ ቁጥር ይወዛወዛል።

አሁን ነገሩ ከየት እንደተነሣ ላስረዳሽ። የዛሬ ሦስት ሳምንት ቅዳሜ ስትደውዪ እኔ መታጠቢያ ቤት ትንሹን እያጠብኩ ነበር። ስልኩን ያነሣችው ትልቋ ናት። አባቷ «ቃል አቀባይ» የሚላት በከንቱ አይደለም፤ ገና ሰባት ዓመቷ ነው፣ የቤታችን ወሬ ግን ሁሉም የሚወጣው በእሷ በኩል ነው። እናትሽ እንዴት ናት ብለሽ ጠየቅሻት። እሷም ያየችውን ነገረችሽ፤ እማዬ በየጠዋቱ አልጋው ላይ ተቀምጣ ወገቤን፣ ወገቤን እያለች ታለቅሳለች፣ ለአያትሽ እንዳትነግሪም ብላኛለች አለችሽ። የልጅ ነገር ሁለት ፍሬ፣ አንዱ ብስል አንዱ ጥሬ ይባላል፤ የዚያን ዕለቱ ግን ሁሉም ብስል ነበር፣ አንድም የዋሸችው የለም። ለእሷ ወገብ ማለት ወገብ ነው። ሰው ሲሞት ወገቤን ተብሎ እንደሚጮህ የት ሰምታ ታውቃለች? በዚህ ሕንጻ ሰው ቢሞት እንኳ የሚሰማው የሊፍት በር ነው ልልሽ ነበር፣ ሊፍትም የለንም።

አንቺ ግን «ወገቤን» የሚለውን ስትሰሚ ሌላ ምን ታስቢያለሽ? በዚያ ላይ «እንዳትነግሪ» ተጨምሮበታል። ስልኩ ከእጅሽ ወደቀ። ከዚያ በሕይወት ያለነውን መቁጠር ያዝሽ። እኔ አልቅሻለሁ ተብሏልና አለሁ፤ ትልቋ ስታወራሽ ነበር፤ ትንሹ ከመታጠቢያ ቤት ሲጮህ ሰምተሻል። የቀረው ባለቤቴ ነው። እሱ ደግሞ ሰኞ ማለዳ በከባድ መኪናው ወጥቶ ቅዳሜ ነው የሚመለሰው፣ ድምፁን ከሰማሽ ወር ሊሞላሽ ነው። ስሌቱ ተስማማልሽ። ይህን ሁሉ ከእህቴ የሰማሁት እሱ ሰኞ ተመልሶ ከወጣ በኋላ ነው።

በሚቀጥለው ቅዳሜ እንደመጣ አገናኘሁሽ። እንደ ዕድል ሆኖ መንገድ ላይ ጉንፋን ይዞት ድምፁ የበርሜል ሆኖ ነበር። አዳመጥሽው፣ አዳመጥሽውና፣ «እግዜር ይስጥልኝ፣ ደግ ጎረቤት ነህ፤ ልጄን አደራ» ብለሽ ዘጋሽበት። ሰውየው ስልኩን እንደያዘ ቀረ። ሞተሃል ከመባሉ ይልቅ ጎረቤት መባሉ ነው የከነከነው። ፎቶ ላክንልሽ፤ የአምናው ነው አልሽ። እህቴም በሹክሹክታ ደውላ ጥቁሩን ቀሚስሽን ከሣጥን አውጥተሽ በሩ ኋላ እንደሰቀልሽው ነገረችኝ። ያን ዕለት ሥራ ቦታ አንሶላ ይዤ ተቀምጬ አለቀስኩ።

አልፈርድብሽም። አባዬ ሲያርፍ ትንሹን ከወለድኩ ገና ሳምንቴ ነበር። አራስ ናት፣ ትደነግጣለች ብላችሁ ሁለት ወር ሙሉ «ተኝቷል»፣ «ወጣ ብሏል»፣ «ገላውን እየታጠበ ነው» አላችሁኝ። አንድ ሳምንት ሦስት ጊዜ ነው ገላውን የታጠበው፤ አባዬን አውቀዋለሁ፣ መጠርጠር ነበረብኝ። ያንን ሁሉ የምትዪው አንቺ ነበርሽ፣ ድምፅሽም አንድ ቀን አልተሰበረም። አሁን የማታምኚኝ ለዚህ ነው። ራስሽ የሄድሽበት መንገድ ስለሆነ መታጠፊያውን ሁሉ ታውቂዋለሽ።

ስለዚህ ሳስብ ሰነበትኩ። ደህና ነኝ ብዬ ብምልልሽ አታምኚኝም። ስንቅና ሐሰት እያደር ይቀላል፤ የኔም ደህና ነኝ ማለት ቀልሏል። እንግዲያው ደህና አለመሆኔን በዝርዝር ልጻፍልሽ። ሞት የሚደብቅ ሰው ሌላውን ሁሉ አሳምሮ ነው የሚያወራው፤ እኔ ምንም አላሳምርልሽም።

ጠዋት አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ማንቂያው ሲጮህ ዓይኔ ይነቃል፣ ወገቤ አይነቃም። ደርቆ ያድራል። መገላበጥ ስለማልችል መጀመሪያ ጣሪያውን አየዋለሁ። ከዚያ አንዱን ጉልበቴን ወደ ደረቴ እስባለሁ፣ ሌላውን አስከትላለሁ፣ በጎኔ እዞራለሁ፣ እግሬን ከአልጋው አወርዳለሁ፣ በክንዴ ገፍቼ እቀመጣለሁ። ወገቤን የምለው እዚህ ላይ ነው። አንዳንድ ቀን እንባም ይመጣል፤ ከሕመሙ ይልቅ የድካሙ ነው። ቀኑ ሳይጀመር ደክሞኝ እነሣለሁ፣ እማዬ። አንድ ሰዓት ያህል ካለፈ በኋላ ይላላል፤ ችግሩ ያቺ አንድ ሰዓት ሁለት ልጆች ማልበሻዬ መሆኗ ነው።

ካልሲዬን የምታጠልቅልኝ ቃል አቀባይዋ ናት። «እግርሽን አንሺ፣ ሌላኛውን አልኩሽ እኮ» ትለኛለች፤ ቁጣዋ የኔው ቁጣ ነው፣ ከየት እንደተማረችው ስለማውቅ እግሬን አነሣለሁ። ትንሹን አባቱ «ኩንታል» ይለዋል። ሁለት ዓመት ተኩሉ ነው፣ ስሙን የሚያስከብር ሰውነት አለው። አባቱ በመጣ ቁጥር እሽኮኮ ስለሚያደርገው ደረጃ የሚወረደው በሰው ትከሻ ብቻ ይመስለዋል። ሦስተኛ ፎቅ ነን። በር ላይ ቆሞ ሁለት እጁን ወደ ላይ ይዘረጋል፣ እኔ እጆቹን አያለሁ፣ ደረጃውን አያለሁ።

ባለፈው ወር አንድ ጠዋት የጃኬቱን ዚፕ ልዘጋለት አጎነበስኩና እዚያው ቀረሁ። መቃናት አልቻልኩም። ትልቋ «እማዬ ምን ጠፋብሽ?» አለችኝ። መናገርም አቃተኝ። የጠፋውን ልታገኝልኝ ወለሉን መፈለግ ጀመረች፤ ኩንታልም ጎንበስ ብሎ አብሮን ፈለገ። ሦስታችን በር ላይ አጎንብሰን አሥር ደቂቃ ያህል ፈለግን። እሷ ትምህርት ቤት ረፈደባት፣ እኔ ሥራ ረፈደብኝ።

ሥራዬን ታውቂዋለሽ፣ የሆቴል አልጋ ማንጠፍ ነው። በቀን አሥራ አራት ክፍል፣ አንዳንዱ ሁለት አልጋ አለው። ፍራሹን በአንድ እጅ አንሥቼ የአንሶላውን ጫፍ በሌላው እሸጉጣለሁ። የማላውቃቸውን ሰዎች አልጋ ሳነጥፍ እየዋልኩ ከራሴ አልጋ መነሣት አቃተኝ፤ ይህን ለማን አቤት ይሏል? የፎቁ ኃላፊ እኛ «ሻለቃ» የምንላት ሴትዮ ናት፣ ጠረጴዛ ላይ ጣቷን ስታሳርፍ አቧራው ራሱ ይደነግጣል። ያን ዕለት አርፍጄ ስገባ ግንባሯን ቋጥራ አንሶላ ወደሚቀመጥበት ክፍል አስገባችኝና በሩን ዘጋችው። አለቀልኝ አልኩ። እሷ ግን የደንብ ልብሷን ገልጣ ከሥሩ የታጠቀችውን ሰፊ የወገብ መታጠቂያ አሳየችኝ። መታጠቅ ከጀመረች ዘጠኝ ዓመቷ ነው። አረማመድሽን ካየሁ ሰንብቻለሁ፣ ነገ ሄደሽ ታከሚ፣ የኔን ግን ለማንም እንዳትተነፍሺ አለችኝ። እሺ አልኳት። ይኸው ነገርኩሽ።

ያየችኝ የሕክምና ባለሙያ ልጅ እግር ናት። ጫን ጫን እያደረገች እግርሽ ይደነዝዛል ወይ፣ ሕመሙ ወደ ታች ይወርዳል ወይ አለችኝ፤ የለም አልኳት። አጥንትሽ ደህና ነው፣ የደከመው ጡንቻሽ ነው፣ ጊዜ ይፈልጋል እንጂ የሚያሰጋ አይደለም አለች። ከመነሣትሽ በፊት ሰውነትሽን አፍታቺ፤ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠሽ እጅሽን ጉልበትሽ ላይ አድርጊና አንገትሽን ደፍተሽ እስከ ሠላሳ ቁጠሪ፤ ከመጎንበስ ተንበርከኪ፤ ልጁን ከወለል አታንሺ፣ ወንበር ላይ ይውጣልሽ፤ እረፍትም አድርጊ አለችኝ። እረፍት የምትለውን ስትናገር ልጆች አሉሽ ወይ ብላ አልጠየቀችኝም። ቢሆንም ያለችኝን እያደረግኩ ነው። ኩንታል ወንበር መውጣትን ጨዋታ አድርጎታል፣ ደረጃውንም ብረቱን ይዞ አንድ በአንድ ይወርዳል፤ ሩብ ሰዓት ይፈጃል፣ ሩብ ሰዓት ቀድመን እንወጣለን። ድኛለሁ አልልሽም። ትናንት ግን ካልሲዬን ራሴ አጠለቅሁ።

አሁን አንድ ነገር ልጠይቅሽ፤ ከሁሉም በላይ የጻፍኩልሽ ለዚህ ሳይሆን አይቀርም።

ልጆች ሳለን በየጠዋቱ አልጋሽ ጫፍ ላይ ትቀመጪ ነበር። እጆችሽን ጉልበትሽ ላይ አድርገሽ፣ አንገትሽን ደፍተሽ፣ ከንፈርሽ እየተንቀሳቀሰ። አባዬ ጣቱን አፉ ላይ አድርጎ፣ እናታችሁ ጸሎት ላይ ናት ብሎ ያስወጣናል፤ እሳቱንም ያን ጊዜ እሱ ነበር የሚያያይዘው። እኛ በእግር ጣታችን እየተራመድን እንወጣለን። ቤታችን በጸሎትሽ የቆመ ይመስለኝ ነበር። ባለፈው ማክሰኞ እኔ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀምጬ፣ እጄን ጉልበቴ ላይ አድርጌ፣ አንገቴን ደፍቼ፣ በከንፈሬ እስከ ሠላሳ ስቆጥር ትልቋ ወንድሟን ከበሩ ላይ ጎትታ፣ «ዝም በል፣ እማዬ እየጸለየች ነው» አለችው። አሥራ ሰባት ላይ ቁጥሩ ጠፋብኝ።

እማዬ፣ ያ ሁሉ ዓመት ጸሎት ነበር ወይስ ወገብሽ ነው? ሁለቱም ከሆነ ሁለቱም ነበር በዪኝ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ብለሽ ያሳደግሽን አንቺ አይደለሽም? አባዬ ያውቅ ነበር ማለት ነው፤ አውቆ ሸሸገልሽ። እኔ ሦስት ልጅ አዝለሽ ስትወጪ ስትወርጂ እያየሁ አንድ ቀን እንኳ የት ጋ ነው የሚያምሽ ብዬ አልጠየቅኩሽም። ይህ ያሳፍረኛል። መልስ ስትጽፊ «እኔ ደህና ነኝ» በሚለው አትጀምሪ፤ የት ጋ እንደሚያምሽ በመጻፍ ጀምሪ።

ለእህቴ ሰላምታዬን ንገሪልኝ፤ ሹክሹክታዋን ስላወጣሁባት ይቅርታ ታድርግልኝ። ለባሏ ለአናጺው ሰላም በይልኝ፤ የአልጋሽን እግር አንድ ስንዝር ከፍ እንዲያደርግልሽ አደራ፣ ዝቅ ካለ አልጋ መነሣት ለወገብ አይበጅም። አክስቴን ሳሚልኝ፤ እሷም ለቅሶ ልትደርስ ከተነሣች መልሷት። ቃል አቀባይዋ አንድ የፊት ጥርሷ እንደወለቀ ራሷ ካልነገርኩ ብላ ነበር፣ ይኸው ቀደምኳት። ኩንታል ይስምሻል። እስክሪብቶውን ለባለቤቴ ሰጥቼዋለሁ፤ የሚከተለው የእሱ እጅ ጽሑፍ ነው።

እማማ፣ ጎረቤቱ ነኝ። መጀመሪያ ቤትዎ የመጣሁ ዕለት የተቀመጥኩባት ወንበር ከሥሬ ስትሰበር «ድሮም የተሰነጠቀች ናት» ብለው ከኀፍረት አዳኑኝ። አልተሰነጠቀችም ነበር። ይህንን ከእርስዎና ከእኔ በቀር የሚያውቅ የለም፣ ሚስቴም አሁን ስታነበው ነው የምትሰማው። አለሁ፤ ጉንፋኑም ለቆኛል።

እማዬ፣ እንግዲህ አመንሽን? ካመንሽን ያንን ጥቁር ቀሚስ ከበሩ ኋላ አውርጂውና ወደ ሣጥኑ ይመለስ። ሣጥኑ ያለው አልጋሽ ሥር ነው፤ አንቺ አታጎንብሺ፣ እህቴ ታስገባው።

ልጅሽ

ከልብስ መተኮሻው ጠረጴዛ ላይ፣ ቆሜ
እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ ኅዳር ፲፮ ቀን