ከእንጀራችን በኋላ፣ ከበደላችን በፊት

ለተከበራችሁ የሳሌፋጋ ቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎችና ለመጋቢያችን ለክቡር ፔሌናቶ፤

ከሁሉ አስቀድሞ ስለ ጤናችሁ እጅ እነሣለሁ። የዲያቆን ላፋኤሌ ሪህ በዚህ የዝናብ ወቅት እንዲታገሣቸው፣ የዲያቆን ፖአሳ አሳማ ከሰው የጎደሬ ማሳ ርቆ በሰላም እንዲያድር፣ የመጋቢያችን ድምፅ ማጉያም እንደ ባለፈው ጊዜ በስብከቱ መካከል የታክሲ ሬዲዮ እንዳይጠልፍ ዘወትር እጸልያለሁ። የምጸልየው በልቤ ነው፤ ምክንያቱን ወደ ታች እደርስበታለሁ።

እኔ ከባሕሩ ግንብ አጠገብ የምኖረው ኤቱአሌ፣ የሟቿ የፉአቲኖ ባል ነኝ። ትምህርቴ ከመንደራችን ትምህርት ቤት አላለፈምና አነጋገር ብስት ይቅር በሉኝ። ደብዳቤዬን በቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ መለጠፌም ድፍረት አይሁንብኝ። የእናንተ ውሳኔ እዚያው ብቻውን ተለጥፎ ሳየው አሳዘነኝና ጎረቤት ይሁነው ብዬ ነው።

ውሳኔውን ደጋግሜ አንብቤዋለሁ። ሐዋርያው ለጢሞቴዎስ የጻፈውን ጠቅሳችሁ፣ ከእንግዲህ በጉባኤም ሆነ ጸሎት በሚደረግበት ስፍራ ሁሉ ሴቶች ድምፃቸውን አሰምተው እንዳይጸልዩ፣ ወንዶች ግን እጃቸውን አንሥተው እንዲጸልዩ አዝዛችኋል። እኔ ከመጽሐፍ ጋር የምጣላ ሰው አይደለሁም፤ እንዲያውም ቤቴ ገብቼ ምዕራፉን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አነበብኩት። ጥፋቴ ይህ ሳይሆን አይቀርም።

ጉዳዬ አንድ ነው። የፊታችን ቅዳሜ በደጄ ያለው የባለቤቴ መቃብር ሸክላው ተነጥፎ ስላለቀ የተሸፈነበት ጨርቅ በጸሎት ይነሣለታል። ያን ቀን እንድትጸልይልኝ የለመንኩት ጓደኛዋን ማሲናን ነበር፤ ሁለቱ ሴቶች ከልጅነታቸው ጀምሮ አብረው የጸለዩ፣ አብረውም ሰው ያሙ ናቸው። ይህን የሰሙት ዲያቆን ላፋኤሌ ግን በሪሃቸው እያነከሱ ደጄ ድረስ መጥተው «ኤቱአሌ ወንድሜ፣ ማሲና በዝምታ ትቁም። ወንድ ከጠፋ አንተው አለህ አይደል?» አሉኝ። እኔ መኖሬን ስላስታወሱኝ አመሰገንኳቸው። ማሲና ስትሰማ ማራገቢያዋን ጭኗ ላይ አኑራ «አንተ ኤቱአሌ፣ ጌታን ይህን ሁሉ ዘመን ሳናግረው ኖሬ አሁን በአስተርጓሚ ልሁን?» አለችኝ። ጥያቄዋን እንዳለ ወደ እናንተ አምጥቼዋለሁ።

እንግዲህ ምስጋናዬንና አቤቱታዬን እየለየሁ አቀርባለሁ፤ ብቀላቅላቸውም አትቀየሙኝ።

አንደኛ፤ ስለ ረቡዕ ማታው ጸሎት አመሰግናለሁ። ውሳኔው በወጣ ሰሞን የመሩት ዲያቆን ፖአሳ ነበሩ። እጃቸውን አንሥተው ስለ ጀልባው ሞተር፣ እንደ ዳቦ ስለሚበላው የዳቦ ዛፎቻችን ፍሬ፣ ስለ ራግቢ ቡድናችን አምበል ጉልበት፣ ያውም ግራው መሆኑን ለጌታ ለይተው፣ በሚያስደንቅ ሁኔታ ጸለዩ። ሕሙማን ላይ ሲደርሱ ግን ቆሙ፤ በመንደራችን ማን እንደታመመ የሚያውቁት ሾርባ የሚያመላልሱት ሴቶች ናቸውና። ያን ጊዜ ባለቤታቸው ሎሳ ከኋላ በማራገቢያዋ ጫፍ ነካ አድርጋ «ወገቧን የታመመችውን ቶኔን» አለች በሹክሹክታ። እሳቸውም «ወገቧን የታመመችውን ቶኔን» አሉ። «ትናንት ሐኪም ቤት ወስደዋታል» አለች። «ትናንት ሐኪም ቤት ወስደዋታል» አሉ። «ኧረ እሱንስ ያውቀዋል፣ ዝም ብለህ ፈውሳት በል!» ስትላቸው፣ «ኧረ እሱንስ ያውቀዋል፣ ዝም ብለህ ፈውሳት!» ብለው በታላቅ ድምፅ ጌታን አዘዙት። ቶኔ አሁን ተሽሏታል። ድምፁን ያሰማው ወንድ ስለሆነም ውሳኔያችሁ አንዲት ነጥብ ሳትጎድል ተፈጽሟል።

ሁለተኛ፤ ያው ምዕራፍ ገና ሴቶች ዘንድ ሳይደርስ ስለ ወንዶች ይናገራል፤ የተቀደሱ እጆችን እያነሡ፣ ያለ ቁጣና ያለ ክርክር ይጸልዩ ይላል። በውሳኔያችሁ ላይ እጆቹን አገኘኋቸው፤ ቁጣውንና ክርክሩን ግን አጣኋቸው። በእናንተ መጽሐፍ ያቺን መስመር ምስጥ በልቷት ከሆነ የእኔን ላውሳችሁ ዝግጁ ነኝ። ይህን የምለው ከዚያ ቀጥሎ በነበረው ረቡዕ ስለሆነው ነገር ነው። ዲያቆን ላፋኤሌ ጎደሬያቸው በተበላ ማግስት ተነሥተው «ጌታ ሆይ፣ አጥር ማጠር ያቃታቸውን ጎረቤቶች አስባቸው» ብለው ጀመሩ። ዲያቆን ፖአሳ ተራቸውን ሳይጠብቁ «አባት ሆይ፣ ከወንድሙ ይልቅ ጎደሬውን የሚወደውንም አትርሳው» አሉ። «ጌታ ሆይ፣ አሳማው የማን እንደሆነ አንተ ታውቃለህ!» «አባት ሆይ፣ ድንበሩን ማን እንደገፋም ታውቃለህ!» ሁለቱም ዓይናቸውን እንደ ጨፈኑ፣ እጃቸውን እንዳነሡ ነበሩ። የተነሡት እጆች ግን እንደ ተዘረጉ አልቆዩም፤ ቀስ በቀስ ተጨበጡ። ሴቶቹ በፍጹም ዝምታ ይማሩ ነበር። ምን እንደተማሩ አልጠየቅኋቸውም።

ሦስተኛ፤ ይህ የቆየ ነገር ነው። መጋቢያችን ከኡፖሉ ደሴት እንደ መጡ ሰሞን አንድ ነገር አስተዋሉ፤ በአባታችን ሆይ ጸሎት ላይ «የዕለት እንጀራችንን ስጠን ዛሬ» እንዳልን ቤቱ ሁሉ ይስላል። አቧራ ነው ብለው መስኮቶቹ እንዲታጠቡ፣ ምንጣፎቹም እንዲራገፉ አዘዙ። ሴቶቹ አጠቡ፣ አራገፉ። በሚቀጥለው እሁድ በንጹሕ መስኮት፣ በንጹሕ ምንጣፍ ላይ ሆነን ሳልን። ምክንያቱን ያን ጊዜ ማንም አልጠየቀም፤ እኔም አልጠየቅሁም፤ እኔም እስላለሁና።

አራተኛው ስለ ራሴ ነው፤ እዚህ ላይ ቀልዴ ትንሽ ያንሳል።

ሲመሽ የጥሪው ዛጎል ተነፍቶ መንደሩ ሁሉ ለጸሎት ሲቀመጥ፣ በእኔ ቤት ፉአቲኖ ትጸልይ ነበር፣ እኔ አሜን እል ነበር። እሷ ከሞተች በኋላ ልጄ ላጊ ተተካች፤ የእኔ አሜን ከሥራው አልተፈናቀለም። ውሳኔያችሁ ሲወጣ ግን የተናደድኩት ለሴቶቹ አዝኜ ነው ወይስ መጸለይ ስለምፈራ ነው ብዬ ራሴን መረመርኩ። ሁለቱም ነው። የትኛው እንደሚከብድ እግዚአብሔር ይመዝነው። ብቻ ታዘዝኩ፤ አንድ ምሽት በላጊ ፊት እጄን አንሥቼ «ጌታ ሆይ» አልኩ። ከዚያ ወዲያ ምንም አልመጣልኝም። ጣሪያው ላይ ያለች እንሽላሊት እንኳ ከእኔ የተሻለ ተናገረች። በመጨረሻ ወደ አባታችን ሆይ ሸሸሁ። «የዕለት እንጀራችንን ስጠን ዛሬ» ብዬ፣ ስዬ፣ «በደላችንንም» ሳልል ላጊ «አባዬ! የእማዬን ሳል እኮ ነው የሳልከው!» ብላ በሳቅ ፈረሰች። ሳቋን ሳትጨርስ አለቀሰች።

የተከበራችሁ ሽማግሌዎች፣ እንግዲህ ተዉ አስታውሱ። በዳቦው ዛፍ ጥላ ሥር ምንጣፍ አንጥፋ፣ አፍንጫችሁን እየጠረገች ይህን ጸሎት ያስተማረቻችሁ ፉአቲኖ ናት። አስም ነበረባት። ትንፋሿ ዘወትር እዚያው ቦታ ላይ ያልቅባታል፤ እንጀራውን ትለምናለች፣ ትስላለች፣ ከዚያ ይቅርታውን ትለምናለች። እናንተም ሳሉ የጸሎቱ ክፍል መስሏችሁ ከነሳሉ በቃላችሁ ያዛችሁት። ዲያቆን ላፋኤሌ በልጅነታቸው ሳይስሉ ያለፉ ጊዜ ጓደኞቻቸው «ዘለልክ! ዘለልክ!» ብለው ከመጀመሪያው ያስደግሟቸው ነበር። እሷ ትስቅና መልሳ ትስላለች። እናንተ ደግሞ ለልጆቻችሁ አስተማራችሁ። ሴቶቹም ይስሉ ነበር፤ አሁን ግን በውሳኔው መሠረት ሳላቸውን ውጠውታል።

ስለዚህ ውሳኔያችሁን እንደማከብር ለማሳየት አንድ ሐሳብ በትሕትና አቀርባለሁ። በወንዶች ጸሎት ውስጥ የሴት ድምፅ መሰማት የለበትም ብላችኋል። መልካም። ከዚህ መንደር ተወልዶ አባታችን ሆይን ሳይስል የሚጨርስ አንድ ወንድ ቅዳሜ ጠዋት ላኩልኝ። በመቃብሩ አጠገብ እሱ ይጸልያል፤ ማሲናም በዝምታ ትቆማለች፤ ቃሌ ነው። እንዲህ ያለ ወንድ ካልተገኘ ግን የምትጸልየው ማሲና ናት፤ የቀረነው ከኋላዋ ቆመን፣ በቦታው ላይ ስለን፣ አሜን እንላለን። ሁላችሁም ተጠርታችኋል። ጎደሬውና ዓሣው ለሁሉም ይበቃል፤ አሳማም ይታረዳል፤ የራሴ ነው፣ የማንንም ማሳ አልረገጠም።

በደጃችሁ የማልታጣ፣ በአሜን ብቻ ያገለገልኳችሁና ወደፊትም ለማገልገል የተዘጋጀሁ፣ ትሑት ወንድማችሁ፣
የፉአቲኖ ባል ኤቱአሌ

ከፊርማዬ በኋላ ያስታወስኩት፦ ክቡር መጋቢ፣ እርስዎ የተወለዱት በሌላ ደሴት ስለሆነ፣ በእሷም እጅ ስላልተማሩ፣ ሽማግሌዎቹ ቅዳሜ እርስዎን ይልኩብኛል ብዬ እንቅልፍ አጥቼ ነበር። ስለዚህ ባለፈው እሁድ ከፊተኛው ወንበር ተቀምጬ፣ ከእንጀራችን እስከ በደላችን ያለውን በጥንቃቄ አደመጥኩ። ይማርዎት።