ሊንክ የበዛበት ድረ ገጽ

ጥቅምት 6
ዛሬም ያው። አንድ የስፌት ማሽን ፈታሁ፣ ዘይት ቀባሁ፣ ጂንስ ሰፋሁበት፣ ያየሁትን ድረ ገጼ ላይ ጻፍኩ። ሥራዬ ይሄው ነው። ሰው "ጥሩ የስፌት ማሽን" ብሎ ኢንተርኔት ላይ ሲፈልግ መጀመሪያ የምመጣው እኔ ነኝ። ኩራት ኩራት ይለኛል... ማን ይከለክለኛል?

ከሰዓት ታላቅ ወንድሜ ብቅ አለ። ሁለት ቪዲዮ አይቶ ፕሮፌሰር ሆኗል። በነጻ መልፋቴ አሳዘነው። የኮሚሽን ሊንክ አስገቢ አለኝ፤ አንባቢው ሊንኩን ነክቶ ከሱቁ ከገዛ ሱቁ ለኔ ድርሻ ይሰጠኛል። ክፉ ሐሳብ አይደለም። የቤት ኪራይ በአድናቆት አይከፈልም።

ጥቅምት 19
ሊንክ በሊንክ ሆኛለሁ። በየአንቀጹ፣ በየፎቶው... "ደህና ዋሉ" የሚለው ላይ እንኳ። ፕሮፌሰሩ ወንድሜ ማሽኖቹን ለመሞከር ጊዜ የለም ይላል። ሱቁ ስለ ማሽኖቹ የጻፈውን ትንሽ አገላብጬ እለጥፋለሁ። ዛሬ "ድንቅ ማሽን" ያልኩትን በዓይኔ አላየሁትም። ቀለሙ ምን ይሆን?

ኅዳር 11
ከፍለጋው አናት ወረድኩ። ራሴን ፍለጋ ወደ ታች ስገላብጥ ጣቴ ዛለ። ከኔ በላይ ማን አለ? የመርፌ ስዕል የሚሸጥ ሰውዬ!
ፕሮፌሰሩ ሴራ ነው አለ።

ኅዳር 12
ሊንኮቹን ሁሉ ነቃቅዬ ጣልኩ። አሁን እናያለን።

ኅዳር 27
ምንም የለም። ሰውዬው አሁንም ከላዬ ነው።

ኅዳር 28
አክስቴ መጣች። የሆስፒታል ጋውን ሰፊ ናት። ያንን "ድንቅ" ማሽን በኔ ቃል ገዝታው ኖሯል... ታክሲ ላይ ጭናው መጥታ ጠረጴዛዬ ላይ ዘፍ አደረገችው። ጨርቁ ደረብ ሲልበት ክሩን ይበጥሳል። ሥራ ስታዘገይ ጊዜ ደንበኛዋ ጋውኖቹን ለሌላ ሰፊ ሰጠባት። አልተቆጣችም። ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር።
"አንቺ ሰፍተሽበታል?"
"አልሰፋሁበትም።"
"ታዲያ ምኑን ነው የጻፍሽው?"
ሻይ ላፍላ አልኩ። ፈሪ።

ታኅሣሥ 2
ፎቅ ላይ ያለችው ጎረቤቴ ድረ ገጽ ትሠራለች። ገጼን እንድታይልኝ ለመንኳት። እየሳቀች አየችው። ሊንክ ብቻውን ማንንም አያወርድም አለች። የሚከፈልበት ከሆነ ኮዱ ውስጥ ለፍለጋ ሞተሩ ምልክት ታደርጊለታለሽ፣ ለአንባቢም በግልጽ ትጽፊለታለሽ፣ በቃ። የሚወርደው ከሊንክ ሌላ ምንም የሌለው ገጽ ነው። የሱቁን ጽሑፍ ስንቱ ለጥፎታል፤ ፍለጋ ሞተሩ ከዚያ ሁሉ ያንቺን ለምን ያስቀድም?
ሊንኮቹን ስነቅል የቀረው ባዶ ገጽ ነበር ማለት ነው... በትሕትና የተሰጠ ጥሩ ስድብ።

ታኅሣሥ 20
ከአክስቴ ጋር ያን ማሽን ስናሰቃየው ሰነበትን። ሸራ፣ ጂንስ፣ የጋውን ጨርቅ። እሷ ትሰፋለች፣ ትሳደባለች። እኔ የተበጠሰውን ክር ፎቶ አነሳለሁ፣ እጽፋለሁ (ስድቡን አለዝቤ)። ርዕሱ፦ "ይሄን ማሽን አትግዙ"። ሳልነካቸው ያሞገስኳቸውን ገጾች አጠፋሁ። ሰፍቼባቸው የወደድኳቸው ላይ ሊንካቸውን መለስኩ፤ አናቱ ላይም "ከገዛችሁ ኮሚሽን አገኛለሁ" አልኩ።
ፕሮፌሰሩ አነበበና አበድሽ እንዴ አለኝ። ሱቁ ትልቁን ድርሻ የሚሰጠው ለካ በዚያ ማሽን ነው!

የካቲት 3
የማሽኑን ስም ለሚፈልግ ሰው መጀመሪያ የሚመጣለት የኔ "አትግዙ" ሆኗል። ከሱቁ በላይ! ሌሎቹ ገጾቼ ቀስ እያሉ ሽቅብ እየወጡ ነው... የድሮ ቦታቸው ገና አልደረሱም።
ሱቁ ከኮሚሽኑ አባሮኛል። መልእክቱ ጨዋ ነው፣ "ለወደፊቱ መልካም ዕድል" ይላል። ፕሮፌሰሩ ሐዘን ተቀምጧል። እኔ ሌላ ሱቅ ጋ ተመዘገብኩ።

አመሻሹ ላይ አክስቴ ደወለች። አዲስ ደንበኛ አግኝታለች፣ የምግብ ቤት ሽርጥ ነው። ማሽን ትፈልጋለች። አንዱን ነገርኳት፤ ጂንስ በአራት ድርብ እንደሰፋሁበት፣ ድምፁ ግን እንደሚያደነቁር። ቀጥዬ በሊንኬ ከገዛሽ ለኔም ድርሻ አለኝ አልኳት።
"እና? ሥራሽ አይደል እንዴ? ላኪልኝ ሊንኩን።"
ላክሁላት።