የፑሉን ቀዳዳ ያጠበቡት የአቶ ገብረመድኅን ዋጋዬ የሕይወት ታሪክ

አቶ ገብረመድኅን ዋጋዬ ከአባታቸው ከአቶ ዋጋዬ ተሰማና ከእናታቸው ከወ/ሮ ማንተግቦሽ አበጋዝ በ1948 ዓ.ም. በደሴ ከተማ ተወለዱ። እስከ ዘጠነኛ ክፍል እዚያው ከተማሩ በኋላ አዲስ አበባ ሄደው የሶፋ ሥራ ለመዱ። ዘመኑ ሲከፋ በ1971 ዓ.ም. ወደ ሱዳን ተሰደዱ፤ ካርቱም ላይ ከወ/ሮ ወይንሸት ጋር በቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ተጋብተው ራሄልንና ከነዓንን አፈሩ። በ1982 ዓ.ም. ሜልበርን ገብተው፣ ጡረታ እስኪወጡ ድረስ ብሬብሩክ በሚገኝ የሶፋ ፋብሪካ ሠሩ።

አቶ ገብረመድኅን እጃቸው ሥራ ካልያዘ የሚያማቸው ሰው ነበሩ። ጡረታ እንደወጡ ያገለገለ ፑል ከጎረቤት ገዝተው ጋራዥ ውስጥ ተከሉት። መኪናው ደጅ ማደሩ ወ/ሮ ወይንሸትን ጥቂት ቢያስኮርፋቸውም፣ ጋራዡ የሠፈሩ ሐበሻ መሰብሰቢያ ሆነ። ከመጡት ሁሉ ግን ወዳጃቸውን አቶ ወንድይፍራውን በጨዋታ የሚስተካከል አልነበረም። የኳስ መምቻውን ስቴካ ከጨበጡ ጠረጴዛውን ጠርገው፣ ደኅና ዋሉ ብለው ውልቅ ነው።

በ2014 ዓ.ም. የአቶ ወንድይፍራው ባለቤት ዐረፉ። እንደ ደንቡ እስከ አርባው ቤታቸው ሰው አልተለየውም፤ ከዚያ በኋላ ግን ሁሉም ወደየሥራው ተመለሰ። ዋይንድሃም ቬል በተባለው ሠፈር ባለው ቤታቸው ብቻቸውን ቀሩ። ምግብ አስጠላቸው፤ ስልክ ማንሳትም ተዉ። ሰው ማስቸገር እየመሰላቸው የራት ግብዣ አይቀበሉም ነበር። ወደ ጋራዡ ብቅ ቢሉም ቶሎ አሸንፈው ቶሎ ይሄዳሉ። የጀመሩትን ጨዋታ ጥሎ መሄድን ግን እንደ ነውር ይቆጥሩት ነበር።

ይህን የሚያውቁት አቶ ገብረመድኅን አንድ ቅዳሜ የፑሉን ጨርቅ ገለጡና በየቀዳዳው አፍ ግራና ቀኝ ጎማ ለጥፈው መልሰው ወጠሩት። ሙያቸው እንከን ባይወጣለትም ጎማውን አበዙት፤ ኳሱ እየተሰነቀረ አልገባ አለ። ጨዋታው ሳያልቅ ራት ደረሰ። ተጫዋቾቹም ስቴካቸውን እንደያዙ የወ/ሮ ወይንሸትን ሽሮ በሉ። “መሸነፍ ቢያንገበግበው ቀዳዳውን ደፈነው!” ተብለው ተተረቡ፤ እሳቸውም አብረው ሳቁ። በማግስቱ ጎማውን በምላጭ ቀንሰው፣ ኳስ እንዲገባ፣ ቶሎ ግን እንዳይገባ አድርገው አስተካከሉት። ምክንያቱን የነገሩት ለባለቤታቸው ብቻ ነበር፦ “ያ ሰው ሳይበላ ከሄደ እኔን እንቅልፍ አይወስደኝም።”

አቶ ወንድይፍራው ቀስ በቀስ በልተው፣ ተጫውተው፣ አልፎ አልፎም ስቀው መሄድ ጀመሩ። አባታችን ከሠሩት ሁሉ በዚህ እንኮራለን።

አቶ ገብረመድኅን በኩላሊት ሕመም ሲታከሙ በቆዩበት ጊዜ አቶ ወንድይፍራው ከአልጋቸው አጠገብ አልጠፉም። አንድ ቀን ከነዓን ለእንግዶቹ እንዲመች ቀዳዳዎቹን ላስፋቸው ወይ ብሎ ጠየቀ። አባቱም፣ “ተው ልጄ፤ ወንድይፍራውን በጊዜ እንዳታሰናብቱብኝ” አሉት። አቶ ወንድይፍራው ነገሩን የሰሙት ያን ጊዜ ነው። አንገታቸውን ደፍተው አለቀሱ።

አባታችን ሐምሌ 9 ቀን 2017 ዓ.ም. በተወለዱ በ69 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ። ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውንና የልጅ ልጃቸውን ያኔትን ትተው አልፈዋል። አቶ ወንድይፍራውም ከቤተሰቡ ጋር ሐዘን ተቀምጠዋል።

ሰው ከደጃቸው ተርቦ እንዳይሄድ የተጨነቁትን አባታችንን፣ እግዚአብሔር በመንግሥቱ ማዕድ ያስቀምጥልን። አሜን።