«መጣሁ» ብሎ ስለሄደው ሠራተኛዎ

ለተከበሩ የባሕር ዳርቻው መዝናኛ ፓርክ ሥራ አስኪያጅ፤

ክቡርነትዎ፣ ጤናዎ ሰው አሳፍሮ እንደሚሽከረከረው ትልቁ መንኮራኩርዎ ከፍ ከፍ እንዲል፣ እንደ እሱ ግን አናት ላይ ደርሶ ቀጥ እንዳይል ከልቤ እየተመኘሁ፣ ቤተሰቤን ከሚገባው በላይ ስላቆዩልኝ ምስጋናዬን በአደባባይ ለማቅረብ ይህን ጽፌያለሁ።

እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። ለእረፍት ወደ ከተማዎ የመጣሁት ባለቤቴን፣ ሴት ልጄንና እናቴን ይዤ፣ በአብሮ አደጌ ግብዣ ነው። ይህን ወዳጄን «ፕሮግራም» እንለዋለን፤ ያለ ፕሮግራም ውሃ እንኳ አይጠጣም። እናቴ በዕድሜዋ ባሕር አይታ አታውቅም። የጨው ውሃ ለጉልበት ሕመም ፍቱን ነው ሲባል ሰምታ ኖሮ፣ የጉዞው ነገር ከተነሣ ጀምሮ ምኞቷ ጉልበቷን አንዴ መንከር ብቻ ነበር። ፕሮግራም ግን መጀመሪያ ቤቱን፣ ከዚያ የሚስቱን ዘመዶች፣ ከዚያ አዲሱን መሥሪያ ቤቱን አስጎበኘን። እንግዳ የጋባዡ እስረኛ ነው፤ ብላ ሲሉት ይበላል፣ ተነሥ ሲሉት ይነሣል። ባሕሩ ለመጨረሻው ቀን፣ ያውም ከፓርክዎ በኋላ ተያዘ፤ አውቶቡሳችን በማግስቱ ማለዳ ይነሣ ነበር።

እንግዲህ ቅሬታዬን፣ ይቅርታ፣ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር ላቅርብ።

፩. የመንኮራኩሩ መሳፈሪያ በር ከውጭ ብቻ እንዲቆለፍ በማድረግ ለደኅንነታችን ስላሰቡ አመሰግናለሁ። የመሳፈሪያውን ስም ብቻ ቢቀይሩልን፤ ሠራተኛዎ «እማማ፣ ሳጥኑ ውስጥ ይግቡ» ሲላት እናቴ ገና ነኝ ብላ ወደ ኋላ አፈግፍጋ ነበር።

፪. እኛ ጫፍ ላይ ስንደርስ መንኮራኩሩን አቁሞ፣ ቁልፉን ኪሱ ከትቶ፣ በድምፅ ማጉያ «መጣሁ!» ብሎን ስለሄደው ትሑት ሠራተኛዎ አመሰግናለሁ። ክቡርነትዎ እንደሚያውቁት የመጣ ሰው «መጣሁ» ማለት አያስፈልገውም፤ ይታያል። ይህን ቃል የሚለው ሊሄድ የተነሣ ሰው ነው። እኛም የዚሁ ቋንቋ ልጆች ነንና አምነን ተቀመጥን። ይባስ ብሎ አንድ የጥበቃ ሠራተኛ ከታች አንጋጦ ምን እንደሆንን በእጁ ሲጠይቀን፣ ፕሮግራም በመስኮቱ ሽንቁር «ችግር የለም፣ መጣሁ ብሏል!» ብሎ መለሰለት። ጥበቃውም ቃሉን ሲሰማ ልቡ አርፎ ሄደ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባላል፤ ቃሉ ከአፍ ወጣ፣ አፋፍ ላይ የቀረነው ግን እኛ ነን።

፫. መጮህ ስንጀምር ድምፃችን ሌላ ጎብኚ እንዳይረብሽ ማስታወቂያዎን በድምፅ ማጉያው ስለለቀቁልን አመሰግናለሁ። «እዚህ ደስታ ማብቂያ የለውም» የሚለውን ልጄ በቃሏ ይዛዋለች።

ጀንበሯ እያዘቀዘቀች ባሕሩ ከሰማያዊ ወደ ቀይ ሲለወጥ ከላይ ሆነን ሁሉንም አየን። ፕሮግራም ሽንቱ ወጥሮት ሁላችንም ፊታችንን ወደ ውሃው እንድናዞር የለመነንም ያኔ ነው። ባለቤቴ እኔንም እሱንም ማየት ትታ ነበር። እናቴ ግንባሯን መስታወቱ ላይ አስደግፋ ብዙ ቆየችና፣ «ልጄ፣ ባሕሩስ እዚያው ነው፤ እኛ ነን ያልደረስንለት» አለችኝ።

አራተኛውን በጨዋ ቋንቋ ልጽፈው ሞክሬ እጄ እምቢ አለኝ። ተናድጃለሁ፣ ክቡርነትዎ። ሠራተኛዎ ሲመሽ ተመልሶ አወረደን፤ ወደ ዳርቻው ስንሮጥ፣ እናቴ በእኔና በፕሮግራም ትከሻ ተንጠልጥላ፣ የባሕሩ መግቢያ ከጀንበር ጋር ይዘጋል ተባልን። ሠራተኛዎ የት እንደነበር ስጠይቅም እርስዎ ራስዎ ስብሰባ ጠርተውት እንደነበር ተረዳሁ፤ አጀንዳው የደንበኛ አያያዝ ነበር። በዚያው ምሽት ቢሮዎ ድረስ ስመጣ ደግሞ በፈገግታ ተቀብለው፣ ሠራተኛው «መጣሁ» ብሎ ማሳወቁን ስላረጋገጡ ጥፋት እንዳላገኙበት ገለጹልኝ። ለእናቴም ማካካሻ ይሁናት ብለው የነፃ መግቢያ ሰጡልኝ፤ ለዚያው ለመንኮራኩሩ።

እንግዲህ ከፍ ካለው ቸርነትዎ በታች፣ መሬት ላይ በሁለት እግሬ መቆሜን እንደ ትልቅ ጸጋ እየቆጠርኩ፣ በአክብሮት ወገቤ እስኪቀነጠስ እጅ የምነሣዎት፣

የእናቱ ልጅ፣ ልብስ ሰፊው

ድኅረ ጽሑፍ፦ እንደተመለስን የጎረቤት ሴቶች እንኳን ደኅና ገባሽ ሊሏት መጥተው ባሕሩ እንዴት እንደነበር ጠየቋት። እናቴ ጉልበቷን እያሻሸች፣ ውሃው ለብ ያለ እንደሆነና እስከ ጭኗ ድረስ ገብታ እንደቆመች፣ ሕመሙም ቀለል እንዳላት ነገረቻቸው። ልጇ ወስዶ ሳያደርሳት ቀረ እንዳይባል ነው። እናቴ ስትዋሽ ሰምቼ አላውቅም ነበርና፣ ይህንንም ስላሰሙኝ አመሰግናለሁ።