ለአስተናጋጇ ብዬ እሺ አልኩህ

ውድ ጃይልስ፣

ውድ ያልኩህ ደብዳቤ እንዲህ ስለሚጀመር ነው፤ ሌላ ትርጉም አትስጠው። ቅዳሜ አላገባህም። ምክንያቱን ከኔ ካልሰማኸው ለሰው ሌላ ወሬ ፈጥረህ ታወራለህና ቁጭ ብለህ አንብበው።

ያንን እሑድ ታስታውሰዋለህ። «ባለሦስት እግሯ ጥንቸል» የምትባለው የመንደራችን ምግብ ቤት ጢም ብላ ሞልታ ነበር። እሑድ ምሳ እዚያ ጠረጴዛ ለማግኘት የለንደን ሰው ከወር በፊት ቀጠሮ ይይዛል። አያቶቻችን ቆመው ቢራ ይጠጡበት የነበረውን ቤት ቀለም ቀብተው፣ ድንቹን በዳክዬ ስብ ጠብሰው፣ ሥጋው የመጣበትን በሬ የትውልድ መንደር ጥቁር ሰሌዳ ላይ ጽፈው ቤተ መንግሥት አስመስለውታል። ሰዉ ይጮኻል፣ ሹካው ይንኳኳል፣ ውሾቹ ከየጠረጴዛው ሥር ተጋድመዋል። እናትህ ኦድሪ ከፊቴ ተቀምጠው ጥብሱ ደረቀ እያሉ ለኔ ያጉረመርማሉ፤ አስተናጋጇ መጥታ «ምግቡ እንዴት ነው?» ስትላቸው ግን «ግሩም ነው፣ አመሰግናለሁ» ይላሉ። እኔም ያደግሁት እንዲሁ ነው። የኛን ሰው እግሩን ረግጠኸው ብትቆም ይቅርታ የሚጠይቅህ እሱ ነው።

ጣፋጩ ሳይመጣ ተነሥተህ በጠረጴዛዎቹ መካከል ባለችው ጠባብ መተላለፊያ ላይ ተንበረከክህ። ቀለበቱን አወጣህ። ቤቱ ቀስ በቀስ ጸጥ አለ። ከጎናችን ጠረጴዛ ሥር የነበረ ውሻ መጥቶ ጆሮህን ላሰህ፤ እሱ እንኳ ከኔ ይልቅ ይፈልግህ ነበር። ከኋላህ አስተናጋጇ ለሌላ ጠረጴዛ የሚሄዱ ትኩስ ሳህኖች በሁለት እጇ ይዛ ቆማለች፤ መንገዱን ዘግተህባታል።

«ሮወና፣ ታገቢኛለሽ?» አልህ።

ሹካዬን ሳህኔ ላይ አስተካክዬ አስቀመጥኩ።

«እሺ በይው እንጂ የኔ ቆንጆ» አለች አስተናጋጇ፤ «እጄ ተቃጠለ።»

ሰው ሁሉ ሳቀ። አጠገባችን የነበሩት ሽማግሌ «እሱን ካልፈለግሽው እኔ አለሁልሽ» አሉኝ። እናትህ መሐረባቸውን አስቀድመው አውጥተው ይጠብቃሉ። የልጅቷን ጣቶች አየሁ፤ ቀልተዋል። «እሺ» አልኩህ። ቤቱ በጭብጨባ ተናጋ፣ ልጅቷም ሮጣ ሳህኖቿን አደረሰች።

እሺ ይበልጣል ከሺ ይባላል። የኔ እሺ ግን ላንተ አልነበረም። ለልጅቷ ጣቶች ነበር፣ ምሳቸው እየቀዘቀዘ ለሚጠብቁት ሰዎች ነበር። በዚያች ደቂቃ ሽማግሌው ተንበርክከው ቢጠይቁኝ እሳቸውንም እሺ እላቸው ነበር፤ እሳቸው ቢያንስ ቀልድ ያውቃሉ።

ከዚያ ወዲያ በይሉኝታ የገባሁበትን በይሉኝታ ሳስታምም ከረምኩ። ኬክ ቀመስኩ፣ አበባ መረጥኩ፣ አክስቶችህን ሳምኩ። አንድ የዋህ ሰው አታለልኩ እያልኩም ብቻዬን አለቅስልህ ነበር። እንባዬን መልስልኝ ብሎ መክሰስ ቢቻል ኖሮ ዛሬ እከስህ ነበር።

ባለፈው ሳምንት እናትህ ቀሚሴን ሊያዩ ቤቴ መጡ። ወይን ቀዳሁላቸው፤ ደገምኩላቸው። ሞቅ አላቸው።

«ልጄ እኮ እናቱን ይሰማል» አሉኝ እየሳቁ። «ቤት ውስጥ ጠይቄያት እምቢ አለችኝ ብሎ ሲያለቃቅስብኝ፣ ‹አንተ ሞኝ፣ ሰው መሀል ጠይቃት› አልኩት። ‹ሮወና ሰው ፊት እምቢ አትልም፤ አስተዳደጓ አይፈቅድላትም።› ጠረጴዛውንም የመረጥኩት እኔ ነኝ፤ መሀል ለመሀል።»

«ጥሩ አድርገዋል» አልኳቸው። ካፖርታቸውንም አለበስኳቸው።

እንግዲህ እናትህ ስላነሡት፣ ያንን የቤቱን ጥያቄ እኔም ላንሣው። ከዚያ እሑድ በፊት ነው፤ እኔ ድስት እያጠብኩ ነበር። «አይሆንም ጃይልስ፤ አልወድህም» አልኩህ፣ ፊትህን እያየሁ። «እሺ፣ ሻይ ላፍላ?» አልህ። ሻዩን ጠጣን፣ ስለ ዝናቡ አወራን። ያን ቀን አንጀቴን በልተኸው ነበር። እምቢታን እንዲህ አድርጎ የሚቀበል ሰው አይቼ ስለማላውቅ፣ እንዲህ ያለውን ሰው ሳልወደው አልቀርም ብዬ ማሰብ ጀምሬ ነበር። ይህን የምነግርህ እንድትጽናና ሳይሆን እንዲያንገበግብህ ነው። ዝም ብለህ ብትቆይ ኖሮ በራሴ እግር እመጣልህ ነበር። አንተ ግን ሻይህን ጨልጠህ ወደ እማዬ ሮጥህ፤ ጨዋነቴንም ለሁለት ሆናችሁ ወጥመድ አደረጋችሁት።

አሁን የምትሠራውን ልንገርህ። እስከ ዓርብ ድረስ ለእንግዶቹ አንድ በአንድ ደውለህ፣ ሠርጉ የቀረው ሙሽራይቱ ከመጀመሪያውም እምቢ ብላህ ስለነበር ነው በላቸው። ታመመች እንዳትል። ሐሳቧን ለወጠች እንዳትል፤ የመጀመሪያው እምቢታዬ ዛሬም ያው ነው።

ይህን ካላደረግህ ቅዳሜ ነጭ ለብሼ፣ በሰዓቱ ቤተ ክርስቲያን እገኛለሁ። ቄሱ በሰው ሁሉ ፊት ሲጠይቁኝ እምቢ እላለሁ፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ። ሰው ፊት እምቢ ማለት እየተለማመድኩ ነው። እናትህ የፊተኛው ወንበር ላይ ስለሚቀመጡ በደንብ ይሰሙኛል።

ያልወደደችህ፣
ሮወና