በለቅሶህ ቀን የነቀልኩት ሶኬት

ይድረስ ለደጀኔ፣

ከተለያየን ዘጠኝ ወር ሊሞላን ጥቂት ቀን ቀርቶናል። ደብዳቤ የሚጀመረው እንደምን ነህ ተብሎ ነበር። አንተ ያለህበትን እግዜር ስለሚያውቅ እኔ ያለሁበትን ልንገርህ። ተናድጃለሁ። ለቅሶውን አልቅሼልሃለሁ፤ ጎደለ የሚለኝ የለም። ይህ ደብዳቤ ግን የንዴት ነው። ንዴቴ በዚያች ሳጥንህ ላይ ነው፤ ከፊሉ ባንተም ላይ ነው፤ የሚበዛው በራሴ ላይ ነው፤ እሱን ቀስ ብዬ እደርስበታለሁ።

ቤቱ ደህና ነው። የውሃ ታንከሩ ተተክሎ ቆሟል። እኔም መዝገብ ቤቴ እንዳለሁ ነኝ፤ ሰው ሲመጣ ፋይል አወጣለሁ፣ ሲሄድ እመልሳለሁ። የነገሌ አቧራም ያው ነው፤ ጠዋት የወለወልኩት ጠረጴዛ ቀትር ላይ ቀይ ሆኖ ይጠብቀኛል።

አንተ ሰርቨር የምትላት፣ ሰፈሩ የመምህሩ ሳጥን የሚላት፣ እኔ ደግሞ ጣውንቴ እያልኩ የምቀልድባት ያቺ ኮምፒውተር ግን ደህና አልነበረችም። ከመሥሪያ ቤት ጨረታ አሮጌ ሆና አመጣሃት፤ ዕቃ ቤት ከጤፉ ጆንያ ጎን አስቀምጠህ የፊዚክስ ትምህርትህን ሁሉ በድምፅ እየቀዳህ አከማቸህባት። በምግብ ጠረጴዛችን ላይ ተቀምጠህ አንዴ በአማርኛ አንዴ በኦሮምኛ ስታስረዳ፣ እኔን ሳህን አታንኳኪ እያልክ ትለምነኝ ነበር። ተማሪዎችህ ከአጥሩ ውጭ ድንጋይ ላይ ተደርድረው ወደ ስልካቸው ይገለብጡታል። ከተማው ኔትወርክ ጠፋ ብሎ ሲያማርር ያንተ ዋይፋይ ደንታ አልነበረውም፤ ከዕቃ ቤት አጥር ድረስ መድረስ ብቻ ነበር ሥራው።

አርጅታለች፣ ሳትሞትብን እናድሳት ብለኸኝ ነበር። ያገለገለ ዕቃ ይበቃታል፣ አዲስ አያስፈልጋትም፣ በአቅማችን ነው አልከኝ። እኔ ደግሞ መጀመሪያ ታንከሩ አልኩ። ሰው ውሃ ሳይጠጣ ሳጥን አይታደስም ብዬ ተከራከርኩህ። አንተም እንደ ልማድህ እሺ ብለህ ዝም አልክ። ያ ዝምታህ ያናድደኝ ነበር፤ ዛሬም ያናድደኛል።

አሁን ወደ ራሴ ልምጣ። በለቅሶህ ሁለተኛ ቀን እህትህ እትዬ ዘነበች ከወደራ ደረሱ። ቴሌቪዥኑም ሬዲዮኑም እንደ ወጉ ጠፍተዋል። እሳቸው ግን ጨው ፍለጋ ዕቃ ቤት ቢገቡ፣ ጣውንቴ አረንጓዴ መብራቷን ብልጭ ድርግም እያደረገች ታጉረመርማለች። የወንድሜ አፈር ሳይደርቅ በዚህ ቤት የሰርግ መብራት ይበራል ወይ ብለው ጮኹ። ድንኳን ውስጥ የነበረው እድርተኛ ሁሉ ዞሮ አየኝ። አፈርኩ። ሮጥኩና ሶኬቱን ከግድግዳው መንጭቄ ነቀልኩት። በወጉ ሳትዘጊያት እንዳትነቅያት ሲለኝ የኖረውን ሰውዬ ገና መቅበሬ ነበር። እትዬ ዘነበችም ጥቁር ነጠላቸውን አውልቀው ደረቡባት። እሷም ሐዘን ተቀመጠች ማለት ነው።

አርባህ ካለፈ በኋላ ሰካኋት። አልተነሳችም። ደጋግሜ ሰካሁ፣ ጎኗን መታሁ፣ ለመንኳት። ምንም።

ተማሪህ ጫልቱን ጠራኋት፤ አሁን መናኸሪያው አጠገብ ስልክ ትጠግናለች። አካም፣ ናጋ ብላ ገብታ ከጤፉ ጆንያ ላይ ተቀመጠችና ፈታታቻት። ድምፅ የሚያከማቸው፣ ብዙ ዓመት ሳያርፍ የዞረ ዲስክ እንደ ሽማግሌ ግመል ነው አለችኝ፤ እስከሄደ ድረስ ይሄዳል፣ አንዴ ከተንበረከከ ግን መነሳቱን እንጃ። ቢሆንም ሌላው ዕቃዋም አብሮ ደክሟልና መጀመሪያ እሱን እንቀይርና እንሞክር አለች። የነቀልኩት እኔ መሆኔን ያን ቀን አልነገርኳትም።

ማስታወሻ ደብተርህ ውስጥ ዝርዝርህን አገኘሁ፤ ሚሞሪ፣ ፓወር ሰፕላይ፣ ዲስክ። ይኸው ነው። ዓይነቱ የለ፣ ልኩ የለ። እኔ መዝገብ ቤት ያረጀሁ ሴት ነኝ፤ እንዲህ ያለ ጽሑፍ ይዞ የሚመጣ ባለጉዳይ ቢኖር ሞልተህ ተመለስ ብዬ ነው የምሸኘው። አንተን ማን ይመልስህ!

ሚሞሪው በአውቶቡስ ሹፌር እጅ ከአዲስ አበባ መጣ። ቢለካ አጠረ፤ ለካ የላፕቶፕ ኖሯል። መለስነው። ሁለተኛው ርዝመቱ ልክ ሆኖ ጥርሱ ሌላ ቦታ ላይ ወጣ። እሱንም መለስነው። ኤሌክትሪኩን የሚያከፋፍልላት ፓወር ሰፕላይ ሲመጣ ደግሞ ገመዱ ከጣውንቴ ሆድ ጋር አልገጥም አለ፤ ሠሪዋ ለብቻዋ የፈለሰፈላት ቀዳዳ ነው ያላት። በመጨረሻ ጫልቱ ተስፋ ቆርጣ፣ ያቤሎ ከተማ ከቢሮ የወጡ ኮምፒውተሮችን የሚሸጥ ሰው አለ፣ አንዷን ሙሉ እንግዛና ዲስኩን እናዛውርላት አለች። ሹፌር ማመን ስላንገሸገሸኝ ራሴ ሄድኩ።

በአውቶቡስ ስመለስ በጋቢህ ጠቅልዬ ጭኔ ላይ ይዣት ነበር። አጠገቤ የተቀመጡ የቦረና አሮጊት ምን እንደታቀፍኩ በኦሮምኛ ጠየቁኝ። የሟች ባሌ ናት አልኳቸው። ከዚያ በኋላ አልጠየቁኝም፤ አቧራው እንዳይገባባት ግን መስኮቱን ዘጉልኝ።

ይህን ሁሉ ለፍተን፣ ጫልቱ የገባውን አቧራ በብስክሌት መንፊያ አስወጥታ፣ ዲስክህን አዲሲቱ አሮጌ ላይ ሰካችው። ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ አለ። ጆሮዋን አስጠግታ አዳመጠችው። ከዚያ ዱኤ አለች። ሞቷል ማለቷ ነው፤ በአማርኛ ልትለው አልደፈረችም።

ያን ጊዜ ነው አፌ የተከፈተው። ሳጥኗን ረገምኩ፣ አንተን ወቀስኩ፣ እትዬ ዘነበችንም አልማርኳቸው፤ ሶኬቱን የነቀልኩት እኔ ነኝ ብዬም ተናዘዝኩ። ጫልቱ ግን፣ ክዳኑ ብሎን ይጎድለዋል፣ መምህሩ ብሎን የሚያስቀምጡበት የት ነው ብላ ጠየቀችኝ። የወተት ዱቄት ቆርቆሮህን አምጥቼ ጠረጴዛው ላይ ገለበጥኩት። ከብሎኑ ስር፣ ለዓመታት ስፈልጋት የነበረችው የሱፍ ካልሲዬ ወጣች። ውስጧ ዲስክ አለ። ላዩ ላይ በእጅህ ጽሑፍ፣ የድሮዋ፣ ለማንኛውም፣ ይላል።

አንተ ሰው! ዲስኩን በሌላ ያገለገለ ዲስክ ስትቀይር የቀድሞውን አስቀምጠህ ኖሯል። አፍ የለህም? አንድ ቃል ብትነግረኝ ምን ነበረበት? በካልሲዋስ ስንት ቀን ነው ያጨቃጨቅኩህ፤ አላየሁም ብለህ ዓይኔን እያየህ ዋሽተኸኛል!

ተሰካ፤ ተነሳ። ድምፅህ ዕቃ ቤቱን ሞላው። ተቀምጬ አለቀስኩ፤ አልቅሼ ጨርሻለሁ ያልኩህ ውሸት ነው።

ግን ያለው ዲስኩን እስከቀየርክበት ጊዜ ድረስ ብቻ ነው። የመጨረሻዎቹ ሁለት ዓመታት፣ ከታመምክ ወዲህ የቀዳሃቸው፣ በሞተው ላይ ቀሩ። ጫልቱ ልታጽናናኝ፣ የተረፈው የጤናቸው ጊዜ ድምፅ ነው፣ ለተማሪም የሚሻለው እሱ ነው አለች። ለተማሪ እውነት ነው። እኔ ግን ሳልህንም እፈልገዋለሁ። ትምህርቱን አቋርጠህ ስትስል፣ ውሃ ሳቀብልህ፣ ብርጭቆው ጠረጴዛውን ሲነካ፣ ይቅርታ ልጆች ብለህ ስትቀጥል፣ ያ ሁሉ እዚያ ነበር። እሱ ነው የመጨረሻው ኑሯችን። ይህንን ስነግራት ጫልቱ ፊቷ ተለወጠ፤ ዕቃዋን ሰብስባ ሄደች።

በማግስቱ አንድ ሚሞሪ ካርድ ይዛ አንገቷን ደፍታ መጣች። የመጨረሻዎቹ ትምህርቶች አሉባት። ከአጥሩ ስር ገልብጣቸው፣ ሱቋ ለሚመጣ ተማሪ ሁሉ ስትጭንለት ነበር። ብቻ፣ ሳሉን ከሁሉም ላይ ቆርጣ አውጥታዋለች። መምህራችን ሲስሉ ሰው መስማቱ ነውር መስሎኝ ነው፣ የነካካሁትን ስለፈራሁ ነው እስከ ዛሬ ያልነገርኩዎት አለችኝ። ያልተቆረጠውንም አጥፍታዋለች። አዳመጥኩት፤ አንድም ጊዜ ሳትስል፣ አንድም ጊዜ ውሃ ሳትጠጣ ያለ እረፍት ታስተምራለህ። እንዲህ ያለ ሰው አላገባሁም። ግን በምን አፌ ልቆጣት? እኔም የነቀልኩት ላንተ ክብር ብዬ ነው። እሷ ሳሉን ቆረጠች፣ እኔ ሁሉንም።

አጥሩ ላይ ወረቀት ለጠፍኩ፤ የመምህር ደጀኔን ትምህርት ከዚህ አጥር ስር የገለበጣችሁ፣ ሳሉ ያለበትን፣ እባካችሁ መልሱልኝ ብዬ። አንዱ ለዘፈን ቦታ ጠበበኝና አጠፋሁት ይላል፤ ሌላው ስልኬ ተሰረቀ ይላል፤ ሌላው የጫልቱን ቅጂ ያመጣልኛል። ልፋቴ ሁሉ ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ሆነ ብዬ ወረቀቱን ልቀድ ስል፣ አሁን ቦሬ ከተማ አስተማሪ ከሆነች ተማሪህ በሹፌር እጅ ፍላሽ ደረሰኝ። አንድ ትምህርት ብቻ ናት፤ ስለ ድምፅ ሞገድ የምታስረዳበት። መሃል ላይ ሳል ይይዝሃል። ረጅም ሳል ነው። ብርጭቆ ጠረጴዛ ይነካል። ከዚያ የኔ ድምፅ ይመጣል፤ ቀስ ብለህ ጠጣ፣ ማን ያባርርሃል፣ ይላል። አንተም ትስቃለህ። መሳቅህን ረስቼው ነበር።

የቀሩትን መፈለጌን አልተውኩም፤ ወረቀቱም አጥሩ ላይ አለ። አዲሲቱን አሮጌ ከጤፉ ጆንያ ጎን አስቀምጬ ሁሉንም ጫንኩባት፤ ያቺንም አንድ ትምህርት ሳላስነካ። ሌላ ቅጂ ጫልቱ ዘንድ አለ፤ ሌላ ቅጂ መዝገብ ቤት በስምህ በከፈትኩት ፋይል ውስጥ አለ፤ በተራ ቁጥር፣ በወጉ። ተማሪዎቹ ድንጋዩ ላይ ተመልሰዋል። ባለፈው ከመካከላቸው አንዱ ሳሉ ጋ ሲደርስ አሳለፈውና፣ ወጥቼ መልስና ስማው አልኩት።

ሶኬቱ ላይ በአማርኛም በኦሮምኛም ጽፌ ለጥፌያለሁ። ማንም እንዳይነቅላት፣ ይላል። ለእድሩ ሴቶችም በግልጽ ነግሬያለሁ፤ ለእትዬ ዘነበችም በስልክ፤ ተቆጡ፣ ከዚያ አለቀሱ፣ ከዚያ እሺ አሉ። የኔ ቀን ሲደርስ ቴሌቪዥኑን ያጥፉ፣ ሬዲዮኑን ያጥፉ፣ ያልቅሱልኝ። እሷን ግን እንደበራች ይተዉልኝ፤ አንተ እዚያ ውስጥ እየሳልክ ነው፣ እኔም ውሃ እያቀበልኩህ ነው።

ያንተዋ ወርቅነሽ፣
ከነገሌ